«ረዥም» እና «አጭር» የሚባለው የእንግሊዝኛ አናባቢ፣ የሚረዝመው ምኑ ነው?

የሚጣ አባት (ግንፍሌ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የምታመጣው ወርክሺት «ረዥም ኤ»፣ «አጭር ኤ»፣ «ረዥም አይ»፣ «አጭር አይ» እያለ ሥዕል ለይታ እንድታከብ ያዛል። እኔ የተማርኩት መንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በእኛ ጊዜ ስፔሊንግ ማለት ሰሌዳ ላይ ያለውን ደብተር እስኪያልቅ መገልበጥ ነበር። ረዥምም አጭርም የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ክርክራችን እንዲህ ነው። የድመቷን ሥዕል አየችና «ካኣኣኣት» ብላ ጎትታ «ይኸው ረዘመ» አለችኝ። ቀጥሎ ኬክ አለ። ቶሎ ብላ «ኬክ» አለችና «ይሄ አጭር ነው» አለች። የመልሱ ወረቀት ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፤ ድመቷ አጭር፣ ኬኩ ረዥም። እኔም አፌ ላይ ሞከርኩት። ድመቷን እስከፈለግኩት ድረስ እጎትታታለሁ፣ ኬኩንም አሳጥሬ እቆርጠዋለሁ። ታዲያ የሚረዝመው ምኑ ነው?

ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ ተጽፋ የማትነበበው ኢ ሥራዋ ምንድን ነው? መምህሯ «አስማተኛዋ ኢ» ብላቸዋለች። ልጄ ደግሞ «አስማቱን አሳየኝ» እያለች ይዛኛለች።

ስልኬ ላይ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ብቻ ስለሆነ የፈረንጁን ፊደል በስሙ እየጠራሁ ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።


አቤል ከካዛንቺስ

ወንድሜ አትድከም። እንግሊዝኛ ሕግ የለውም፣ ሽምደዳ ብቻ ነው። እኔ በሽምደዳ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄጃለሁ። ልጅቷ ትሸምድድ፣ አንተም ተኛ።


ጡረተኛው መምህር (አምስት ኪሎ)

አቤል፣ ሽምደዳህን ለራስህ ያዘው፤ ስለ እሱ በኋላ እንነጋገራለን።

የሚጣ አባት፣ ዕድሜዬን በጠመኔ ብናኝ የጨረስኩ ሰው ነኝና አንቱታውን ትቼ ልጻፍልህ። ልጅህ የሰማችውን ነው የተናገረችው፣ ጆሮዋ ደህና ነው። ዛሬ በሚነገረው እንግሊዝኛ «ረዥም» የሚለው ስም ርዝመትን አይለካም። «መጥፎ» የሚለውን ቃል፣ ቢ-ኤ-ዲን፣ ውሰድ። አናባቢው በስም አጭር ነው። «መምታት» የሚለው፣ ቢ-ኢ-ኤ-ቲ፣ በስም ረዥም ነው። ፈረንጅ ሲናገራቸው ብታዳምጥ ግን ብዙ ጊዜ «አጭሩ» ከ«ረዥሙ» አያንስም፤ እንዲያውም ሊበልጠው ይችላል። ከኋላ እንደ ድ ያለ ድምፅ ሲመጣ አናባቢ ይለጠጣል፣ እንደ ት ያለ ሲመጣ ይቆረጣል፤ ከስያሜው ጋር ግንኙነት የለውም።

ለልጅ የሚነገረው እንዲህ ነው። «ረዥም» ማለት ፊደሏ የራሷን ስም ስትጠራ ነው። ኬክ ውስጥ ኤ ስሟን ትጠራለች። ድመቷ ውስጥ ስሟን ትታ ወደ አ የሚጠጋ ድምፅ ታወጣለች፤ ያ «አጭር» ይባላል። አምስቱም፣ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ፣ እንዲሁ ናቸው። ለሚጣ «ስሟን ጠራች ወይስ አልጠራችም?» ብለህ ጠይቃት፤ ወርክሺቱን ሳትጨርሺ አትነሺም ማለት አያስፈልግህም።

አሁን ወደ ኢ። አስማቱን ለማሳየት ካርድ አትግዛ፤ ልጅህ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ውስጥ ሞልቶላታል። ቲ-ኤ-ፒ የውሃ ቧንቧ ነው፣ «ታፕ» ይባላል። ኢ ጨምርበት፣ አያቷ ቤት ያለው ቴፕ ይሆናል። ኤስ-አይ-ቲ «ሲት» ነው፣ ተቀመጥ። ኢ ሲጨመርበት ሳይት ይሆናል፤ ያ ዛሬ በየመንገዱ በቆርቆሮ የታጠረው። ፒ-ኤል-ኤ-ኤን ፕላን ነው፤ ኢ ሲከተለው ፕሌን ይሆንና ይበራል። ጌም፣ ኬክ፣ ላይክ፣ ፋይል፣ ሳይዝ፣ ታይም፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሲጻፉ መጨረሻቸው ላይ ያቺ ዝምተኛ ኢ አለች። ሚጣ «ላይክ አድርጉ» ማለትን ፎኒክስ (ፊደልን ከድምፁ እያገናኙ ማንበብ) ከመጀመሯ በፊት ነው የምታውቀው። ኢ ሥራዋ የታክሲ ረዳት ሥራ ነው፤ መሪውን አትይዝም፣ ከበሩ ቆማ ጣሪያውን መታ ታደርግና ከፊት ላለው ምን ማድረግ እንዳለበት ትነግረዋለች።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትል፣ ያቺ ኢ ድሮ ትነበብ ነበር። «ስም» የሚለው ቃል፣ ኤን-ኤ-ኤም-ኢ፣ በመካከለኛው ዘመን «ናኣመ» ነበር። መጨረሻው ልክ እንደ እኛ የግዕዝ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው «ና» ደግሞ የምር ይጎተት ነበር፤ «ረዥም» የሚለው ስያሜ እውነት የሚሆነው ያኔ ነው። ቆየት ብሎ መጨረሻዋ ከአፍ ወደቀች፣ ከወረቀት ግን አልወረደችም።

ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ውስጥ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) የተጎተቱት አናባቢዎች አንድ በአንድ ከቦታቸው ተነሡ። «ናኣም» የነበረው ወደ ኔይም ሄደ፣ «ቲይም» የነበረው ታይም ሆነ፣ «ሁኡስ» የነበረው ሃውስ ሆነ። አጫጭሮቹ በአብዛኛው ባሉበት ቀሩ። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በ1909 ይህን «ታላቁ የአናባቢ ሽግግር» ብሎ ሰየመው። ዊልያም ካክስተን ማተሚያውን ዌስትሚኒስተር የተከለው በ1476 ነው፤ ሽግግሩ ገና መንገድ ላይ እያለ ማለት ነው። አታሚዎቹ ያጸኑት ስፔሊንግ ስለዚህ የድሮውን አፍ ይዞ ቀረ፣ ሰዉ ግን አነጋገሩን ቀጠለ።

እኛ ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ፣ ሶ ስንል አናባቢው ፊደሉ ላይ ተቀጥሎ ይታያል። እንግሊዞች በአምስት ፊደል ወደ 20 የሚጠጋ የአናባቢ ድምፅ ያስተዳድራሉ፤ ስለዚህ የጎረቤት ፊደል ያስፈልጋቸዋል።


የሚጣ አባት (ግንፍሌ)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ስሟን ጠራች?» የሚለውን ዛሬ ታክሲ ጥበቃ ቆመን ሞከርነው፤ ከአራት ኪሎ ጀምሮ ያለውን ታፔላ ሁሉ ስታስጠራኝ ነው የዋለችው። አንድ ነገር ይቅርብኝ አልልም፤ ሁለት ጊዜ የሚጻፈው ፊደልስ? «ተስፋ ማድረግ» እና «በአንድ እግር መዝለል» የሚሉት ቃላት ላይ አይ-ኤን-ጂ ሲጨመር አንዱ ባለ አንድ ፒ፣ ሌላው ባለ ሁለት ፒ ነው። ለምን?


ባነር ሠሪዋ (ቸርችል ጎዳና)

ጋሼ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ እኔ ልግባ፤ እንጀራዬ ነው።

ባነር፣ ስቲከርና ሜኑ እሠራለሁ። ድሮ ፒያሳ ነበርኩ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ቸርችል ወረድኩ። ደንበኛ ጽሑፉን በቴሌግራም ይልክና «እንዳለ አትሚው» ይላል። እኔ እንዳለ አላትምም፤ ስህተት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው።

አንድ የጥርስ ክሊኒክ የአገልግሎት ዝርዝር ላከልኝ። «የጥርስ ሙሌት» የሚለው በእንግሊዝኛ ባለ አንድ ኤል ተጽፏል፤ ኤፍ-አይ-ኤል-አይ-ኤን-ጂ። ያ «ፋይሊንግ» ተብሎ ነው የሚነበበው፤ ወይ ወረቀት በፋይል ማስቀመጥ ነው፣ ወይ በሞረድ መሞረድ። ደውዬ «ዶክተር፣ ጥርስ ትሞላላችሁ ወይስ ትሞርዳላችሁ?» አልኩት። ሲስቅ ቆይቶ «ሁለት ኤል አድርጊልን» አለ። ስቲከሩ ሁለት ሜትር ነበር፤ ተለጥፎ ቢሆን ማን ይስቅ ነበር?

ሜኑ ላይ የሚያደክመኝ ደግሞ እራት ነው። ብዙዎቹ በአንድ ኤን ይልኩታል። ያ «ዳይነር» ይሆናል፤ አሜሪካኖች መንገድ ዳር ያለችውን ቀለል ያለች ምግብ ቤት የሚጠሩበት። ቁርስ፣ ምሳ፣ ምግብ ቤት! ሁለት ኤን ስታደርጉለት ነው «ዲነር» የሚሆነው። በሌላ ስሙ፣ «ሰፐር» ብለው፣ ሲጽፉት ደግሞ አንዷ ፒ ትጎድልና እራቱ «ሱፐር» ይሆናል፤ እሱን እንኳ ሙያቸውን ያሞገሱ መስሏቸው ነው ብዬ አልፋለሁ ማለት አይደለም፣ እሱንም አርማለሁ።

የምመራበት ይሄ ነው። ከአናባቢዋ ቀጥሎ አንድ ተነባቢ፣ ከዚያ ሌላ አናባቢ ካለ የፊተኛዋ ስሟን ትጠራለች። መሀል ሁለት ተነባቢ ከገባ አትጠራም። «መጻፍ»ን ተመልከቱ። ራይቲንግ ባለ አንድ ቲ ነው። «የተጻፈ» ሲሆን ሪተን ባለ ሁለት ቲ ነው። አንድ ቃል ነው፣ ድምፁ ሲለወጥ ቲዋ ተደገመች። የሚጣ አባት፣ ያንተም እንዲሁ ነው፤ ባለ አንድ ፒው «ሆውፒንግ» ተስፋ፣ ባለ ሁለቱ «ሆፒንግ» ዝላይ።


ጡረተኛው መምህር (አምስት ኪሎ)

ባነር ሠሪዋ፣ እጅሽ ይባረክ። አርባ ደቂቃ የማስተምረውን በአንድ ጥርስ ጨረስሽው።

የምጨምረው ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ የሚነገር ነው። ሁለት ፒ ስናይ እናጠብቃለን። «ደስተኛ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የክፍል ልጆች ሲያነቡት ፒዋን ረግጠው፣ ሁለት ከንፈር ገጥመው ቆይተው ነው የሚለቁት። እንግሊዝ አያጠብቅም። አንድ ልል ፕ ብቻ ይላል፤ ሁለተኛዋ ፒ የተጻፈችው ከፊቷ ላለችው ኤ ነው፣ ለራሷ አይደለም።

ነገሩ ከእኛ ጋር ተገላቢጦሽ ነው። እኛ ጥብቀት እንናገራለን፣ ግን አንጽፍም። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል። ፊደሉ አንድ ነው፤ አንባቢው ከዐውዱ ይለየዋል፣ ማንም ተቸግሮ አያውቅም። (ዜና አንባቢዎች አንዳንዴ ይቸገራሉ፣ እሱን ልለፈው።) እንግሊዞች ደግሞ ሁለት አድርገው ይጽፋሉ፣ ግን አያጠብቁም።

የሚያስገርመኝ፣ እነሱም ድሮ ያጠብቁ ነበር! በጥንቱ እንግሊዝኛ ፀሐይ «ሱንነ» ናት፣ ኤኗ የምር የምትጠብቅ፤ ወንድ ልጅ «ሱኑ» ነው፣ የሚላላ። ዛሬ ሁለቱም «ሰን» ናቸው፣ የሚለያዩት በወረቀት ላይ በዩ እና በኦ ብቻ ነው። ጥብቀቱ በመካከለኛው ዘመን ከቋንቋው ጠፋ። የተደገመው ፊደል ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፣ ከፊቱ ያለችው አናባቢ አጭር መሆኗን እንዲናገር ተደረገ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኦርም የሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ ይህን እስከ ጥግ ወስዶት ነበር። አጭር አናባቢ በተዘጋበት ቦታ ሁሉ ተነባቢውን ደግሞ ጻፈ። ገጹ ሲያዩት ያደክማል፤ የዚያን ዘመን አነጋገር ለሚያጠኑ ሰዎች ግን ወርቅ ነው።

ባነር ሠሪዋ፣ ሜኑሽ ላይ ማኪያቶም አለ አይደል? እሱ ጣሊያን ነው፤ ሁለቱ ሲዎች የምር ይጠብቃሉ፣ ጣሊያን እንደ እኛ ያጠብቃል። ከሱ ሥር «ዲነር» ላይ ያሉት ሁለት ኤኖች ግን አይጠብቁም። ፒያሳ ያደገ ሰው ሁለቱን ባያምታታ ነው የሚገርመው።


አቤል ከካዛንቺስ

መምህር፣ እሺ። እነዚህንስ? «አለው» ሃቭ፣ «ስጥ» ጊቭ፣ «ፍቅር» ለቭ፣ «ና» ከም። ሁሉም መጨረሻቸው ኢ አለ፣ አንዱም ስሙን አይጠራም። ቻይልድ ደግሞ ያለ ኢ ስሙን ይጠራል። ዳቦስ? ኢ እና ኤ አብረው ተጽፈው «ብሬድ»! ሽምደዳ አልኳችሁ።


ጡረተኛው መምህር (አምስት ኪሎ)

ጥሩ ዝርዝር ነው። አንድ በአንድ እንያቸው፤ የተቀላቀሉ ናቸው እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሃቭ፣ ጊቭ፣ ለቭ፣ ሁሉም ቪ አላቸው። ድሮ ዩ እና ቪ አንድ ፊደል ነበሩ፤ ሁለት ሆነው የተለያዩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። መጨረሻ ላይ ኢ ሲቀመጥ «ይህቺ ተነባቢ ናት፣ ቭ በል» ማለት ነበር። ልማዱ ጸንቶ፣ ዛሬም የእንግሊዝኛ ቃል በቪ ብቻ እንዲያልቅ እምብዛም አይፈቅዱም። ስለዚህ እዚያ ያለችው ኢ ለቪ የቆመች ናት። ለልጅ ሲነገር፣ «ቪ ካለ ኢን አትመኛት፣ ቃሉን ጠይቂ»፤ ፋይቭ ስሙን ይጠራል፣ ጊቭ አይጠራም። «ለቭ» እና «ከም» ላይ ያለችው ኦ ደግሞ የጸሐፊዎች ነገር ናት ይባላል። በዚያ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ዩ፣ ኤን፣ ኤም፣ ቪ ሁሉም ቀጥ ያለ ጭረት ስለነበሩ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ አይለዩም፤ ዩን በኦ ተኩት።

ቻይልድ ሌላ ነው። ከኋላ ኤል-ዲ ወይም ኤን-ዲ ሲኖር ጥንት አናባቢው ይለጠጥ ነበር፤ ማይንድ፣ ካይንድ፣ ፋይንድ፣ ጎውልድ፣ ኮውልድ፣ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። አሁን «ልጆች» በል። ቺልድረን! አር ስትጨመር ተነባቢው በዛና አናባቢው ሳይለጠጥ ቀረ። ቁጥሮቹንም ተመልከት፤ ፋይቭ ብለህ ፊፍቲን፣ ፊፍቲ። ዋይዝ ብለህ ዊዝደም። ኪፕ ብለህ ኬፕት። እንደ ኤል-ዲ እና ኤን-ዲ ካሉት ጥንዶች በቀር ተነባቢ ሲደራረብ አናባቢ ያጥራል፤ ባነር ሠሪዋ ከሜኑ ያገኘችው ሕግ ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ዳቦ ላይ ግን ልክ ነህ። ብሬድ፣ ሄድ፣ ዴድ፣ ድሮ ረዥም የነበሩ፣ በኋላ ያጠሩ ናቸው፤ ጽሕፈቱ አልተከተላቸውም። የትኛው እንዳጠረ ከገጹ ላይ ማወቅ አይቻልም። «ማንበብ» እና «ያነበበ» እንዲያውም አንድ ዓይነት ተጽፈው ሪድ እና ሬድ ይባላሉ። እነዚህን ሸምድድ።


አቤል ከካዛንቺስ

አንድ ነጥብ አገኘሁ 😄 ፊፍቲን ላይ ግን ተይዣለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጥር አላየሁትም።


የሚጣ አባት (ግንፍሌ)

የመጨረሻ ነው መምህር፣ ከዚህ በኋላ አላስቸግርም። «መርከብ» እና «በግ»። ሁለቱንም «ሺፕ» ነው የምለው፣ ሚጣም እንደኔ። መምህሯ ልዩነት አለው ትላለች።


ጡረተኛው መምህር (አምስት ኪሎ)

አለው። በጉ ቀላል ነው፤ የእኛው ኢ ነው፣ ከንፈርን ፈገግ አድርጎ። መርከቡ የለንም። ከኢ እና ከሳድሱ መሀል ነው የሚገኘው። «ሺፕ» በላት፣ ቀጥሎ «ሽፕ» በላት፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል አንድ ድምፅ እንድትፈልግ አድርግ፤ ፊቷ ይላላ፣ ከንፈሯ አይሳብ። ልጆች በጨዋታ ቶሎ ያገኙታል፣ አዋቂ ነው የሚያፍረው። እዚህ ላይ ብትጎትቺው ይረዝማል አትበላት፤ መርከቡን ብትጎትተው የተጎተተ መርከብ ነው እንጂ በግ አይሆንም።

አንድ ልመና፣ ደብተሯ ላይ የእንግሊዝኛውን ድምፅ በአማርኛ ፊደል አትጻፍላት። እዚህ በኪቦርድህ ምክንያት ሁላችንም እያደረግነው ነው፤ ግን መርከብም በግም «ሺፕ» ተብሎ ሲጻፍ ልዩነቱ እዚያው ይጠፋል። ይልቅ ታሰማት። ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡት ጋ የልጆች ማንበቢያ ይገኛል፤ ድምፁ በሲዲ አብሮ የሚመጣው ዓይነት ከሆነ ሲዲው መኖሩን ገልጠህ እይ፣ ብዙውን ጊዜ ኪሱ ባዶ ነው።


አቤል ከካዛንቺስ

መምህር፣ «ሙሉ» እና «ሞኝ»ስ? ሁለቱንም ፉል ነው የምለው። ጠዋት የምበላውን ሲጨምሩበት ሦስት ሆኑ።


ጡረተኛው መምህር (አምስት ኪሎ)

ሞኙ የእኛው ኡ ነው፣ ከንፈርህን አሹለህ። ሙሉው ከንፈሩ ላላ ይላል፣ ምላሱም ትንሽ ወረድ ይላል፤ እንደ መርከቡ ነው። ቁርስህ በዐረብኛ የባቄላ ስም ነው፣ ኡውም ከሞኙ ጋር ነው የሚሄደው፤ አስተናጋጁ ፊት አትለማመድበት።